ቀሪ ተብሎ ስለሚጻፍ ልጅ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጅ አስተዳደግ የምንጽፈውን በትዕግሥት ስትቀበሉን ኖራችኋል። ዛሬ ግን ከቤት ወጣ ብለን እስከ ትምህርት ቤት ደጃፍ ድረስ ለመሄድ አስበናል። ምክንያቱም ልጅ በጧት ከእናቱ እጅ ከወጣ ወዲህ ማታ እስኪመለስ ድረስ እንደ ምን እንደሚውል የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነው። አባት ልጁ ስንተኛ እንደ ወጣ ይጠይቃል፤ ካርዱንም ተቀብሎ ያያል። ነገር ግን ልጁ በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋራ እንደሚጫወት፥ ባልንጀሮቹ በምን ስም እንደሚጠሩት፥ ሌሎቹ ምሳቸውን ሲፈቱ እርሱ ወዴት ዘወር እንደሚል አይጠይቅም። እኛም ልጆች ያሉን ስንሆን ይህን ሳንጠይቅ ብዙ ዓመት እንዳለፈን ሳንሸሽግ እንናገራለን።

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህን እንዲጠይቅ የተሾመ ሰው አለ፤ እርሱም ምክትል ርእሰ መምህሩ ነው። በቀድሞው ጊዜ ምክትል ዲሬክተር ይባል ነበር። ርእሰ መምህሩ የትምህርት ቤቱን ገንዘብ፥ ሕንፃውንና ከወረዳ የሚመጣውን ደብዳቤ ሲመለከት ይውላል፤ ምክትሉ ግን ውሎው ከመምህራኑና ከልጆቹ መካከል ነው። ሕዝቡ ስለዚህ ሹም ያለው አሳብ ግን ሌላ ነው። ደወል የሚያስደውል፥ የዘገየውን ልጅ በር ላይ የሚያንበረክክ፥ ልምጭ ይዞ በግቢው የሚዞር ሰው አድርጎ ይቈጥረዋል። እኛም በልጅነታችን እንዲሁ ይመስለን ስለ ነበረ፥ ጥላውን ከሩቅ ስናይ ወደ ክፍላችን እንሮጥ ነበር።

ዛሬ በመምህራን ዘንድ የተማሪዎች ደኅንነትና አካቶ ትምህርት የሚባል ነገር ሲነገር ይሰማል። አካቶ የሚለው ቃል ለጆሮ አዲስ ነው። ትርጓሜውም ማናቸውንም ልጅ፥ ዐይኑ ባያይ ወይም ጆሮው ባይሰማ፥ እግሩ ባይታዘዝለት ወይም የቤቱ ቋንቋ ሌላ ቢሆን፥ ከደጅ ሳያስቀሩ ከእኩዮቹ ጋራ በአንድነት ማስተማር ማለት ነው። ቃሉ አዲስ ቢሆንም ነገሩ ለጎጃም ፈጽሞ እንግዳ እንዳይደለ ወደ ታች እንናገራለን።

እኛ የፍርድ ቤት ጸሓፊ ነንና መዝገብ እንወዳለን። ስለዚህ ነገሩን ከመዝገብ እንጀምረው። በየክፍሉ የስም መጥሪያ መዝገብ አለ። የክፍሉ ተጠሪ መምህር በጧት ስም ይጠራል፤ ልጁ «አቤት» ያለ እንደ ሆነ ምልክት ይደረግለታል፤ ዝም ያለ እንደ ሆነ «ቀሪ» ተብሎ ይጻፋል። ቀሪው ሲደጋገም በስሙ ላይ መሥመር ይሰመርና «አቋራጭ» ይባላል። በዓመቱ መጨረሻ ቍጥሩ ተደምሮ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይላካል። በዚህ መዝገብ ሐሰት የለበትም፤ ልጁ በውነት ቀርቷል። ነገር ግን በፍርድ ቤት አንድ ባለጉዳይ ቀረ በተባለ ጊዜ ዳኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው መጥሪያው ደርሶታልን ብሎ ነው። መጥሪያ ሳይደርሰው በቀረ ሰው ላይ በሌለበት አይፈረድም። በትምህርት ቤት ግን ልጁ ስለ ምን እንደ ቀረ ሳይጠየቅ ይፈረድበታል፤ ይግባኝም የለውም።

በልጅነታችን ያየነውን እንናገር። የትምህርት ቤቱንና የሰዎቹን ስም አንጠቅስም።

እኛ አፋችንን የፈታነው በአገውኛ፥ ተናጋሪዎቹ አውኚ በሚሉት ቋንቋ ነው። በመጀመሪያ የገባነው ከቄስ ትምህርት ቤት ነበረ። በዚያ ፊደል ቈጥረን ዳዊት እስክንደግም ድረስ ቋንቋ እንቅፋት አልሆነብንም። አማርኛ ተናጋሪውም ልጅ አገውኛ ተናጋሪውም ልጅ በፊቱ የተዘረጋውን ግእዝ እኩል አያውቀውም ነበርና፥ በዚህ ረገድ ፍጹም እኩልነት ነበረ። ከዚያ በኋላ ሚስዮኖች ወዳቋቋሙት ትምህርት ቤት ስንገባ ግን ትምህርቱ ሁሉ በአማርኛ ሆነ። ጊዜው የደርግ መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት ነበረ። መምህሩ ሲጠይቀን ዝም እንል ነበር። መልሱን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ወደ አፋችን የሚመጣው በአገውኛ ነው፤ በአገውኛ የመለሰም ልጅ ይሳቅበት፥ አንዳንድ ጊዜም ይመታ ነበር። ስለዚህ ዝምታ የሚሻል መሰለን። ሁለት ወር ሳይሞላ በስማችን አጠገብ «ደካማ» ተብሎ ተጻፈ።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ምክትል በግቢው ሲዞር፥ ከውኃው ቧንቧ አጠገብ ብቻችንን ቆመን አገኘን። ልምጩን በብብቱ ይዞ ነበርና እንዲመታን ጠበቅነው። እርሱ ግን በአገውኛ፥ አባታችን ስንት ላም እንዳለው፥ ሁለቱ ቢወልዱና አንዲቱ ብትሸጥ ስንት ከብት እንደሚሆን ጠየቀን። ሳንዘገይ መለስንለት። ምንም ሳይናገር ሄደ። በማግሥቱ ግን ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ልጅ መጥቶ ከአጠገባችን እንዲቀመጥ ተደረገ። ምክትሉ ያደረገው ይህን ብቻ ነው፤ ገንዘብ አላወጣ፥ ደብዳቤ አልጻፈ። ዛሬ ይህን ዓምድ በአማርኛ የምንጽፈው ያ ሰው ስለ ላሞች ስለ ጠየቀን ነው።

በዚያው ክፍል ሌላ ልጅ ነበረ። በዕድሜ ከእኛ ይበልጥ፥ በሒሳብም ሁላችንንም ያስከነዳ ነበር። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው ግራ እግሩ ማበጥ ጀመረ። ልጆች ከእርሱ ጋራ በአንድ ወንበር አንቀመጥም አሉ። አንዳንድ ወላጆችም መጥተው «ይጋባብናል» ሲሉ አቤት አሉ። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጭቅጭቁን ለማብረድ ብሎ ልጁን ወደ ኋላ፥ ቀጥሎም ወደ በሩ አጠገብ አዛወረው። ከበሩ አጠገብ ያለ ሰው ለመውጣት ቅርብ ነው። ቀሪ ሆነ፤ ቀሪ፥ ቀሪ፥ ቀሪ፤ በኋላም መሥመር ተሰመረበት። ያ ምክትል የት ነበረ ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። በዚያ ዓመት ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሮ ነበር። በእርሱ ፈንታ የመጣው ሰው ደወሉን በሰዓቱ ያስደውል ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ባለጉዳይ የመሬት ወሰን ክስ ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጣ። እንዲፈርም ብዕር ሰጠነው። ስሙን በትልልቅ ፊደል፥ እየተጠነቀቀ፥ ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ እንደሚጽፍ አድርጎ ጻፈ። ስሙን ስናነብ ቀና ብለን አየነው። እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር። የሚከፍለውን የዳኝነት ገንዘብ በወረቀት ላይ ስናሰላ፥ እርሱ በቃሉ አስልቶ ቀድሞን ነገረን፤ ልክም ነበረ። ያን ቀን ሥራችንን በደንብ ሳንሠራ ዋልን።

ስለዚህ በሽታ ጥቂት እንቆይ፤ ለአዊ አገርና ለመላው የጎጃም ደጋ እንግዳ አይደለምና። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። በቈላ አገር የሚገኘው ዝሆኔ በትንኝ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣው ነው። በደጋው የሚታየው ግን ከዚያ የተለየ ነው። ትልም የለበት፥ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍ፥ የእርግማን ፍዳም አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የመጣ ቀይ ዐፈር ባለበት፥ ዝናምም በሚበዛበት ከፍተኛ አገር በባዶ እግሩ ለብዙ ዓመት የሚሄድ ሰው፥ እጅግ የደቀቀ የዐፈር ብናኝ በቆዳው አልፎ ወደ እግሩ ይገባል። ይህም በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ የሚመላለስበትን ቀጭን መተላለፊያ ያስቈጣውና ይደፍነዋል፤ እግሩም ያብጣል። በአንዳንድ ቤተ ሰብ የሚበዛው፥ ለዚህ ዐፈር የሚሸነፍ ተፈጥሮ በዘር የሚወረስ በመሆኑ ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ ጫማ ካደረጉ አይያዙም። ይህን ነገር በኢትዮጵያ ብዙ ዘመን መርምሮ ያስረዳ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በ2005 ዓ.ም. ገደማ በአገሪቱ ሁሉ በተደረገው ምርመራ መሠረት፥ ከ1 ሚልዮን ተኩል የማያንሱ ኢትዮጵያውያን በዚህ ደዌ እንደሚኖሩ ተገምቷል።

መከላከያው ጫማ ነው። የታመመውም ሰው እግሩን በየቀኑ በውኃና በሳሙና አጥቦ፥ አድርቆ፥ ቅባት ቀብቶ፥ ካልሲና ጫማ ቢያደርግ፥ ሲቀመጥም እግሩን ከፍ አድርጎ ቢያሳርፍ ይሻለዋል፤ በጊዜ የተደረሰበት እንደ ሆነም እብጠቱ ይጎድላል። የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ልጁ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖ ሃያ ሳይሞላው ነው። አንባቢዎቻችን ይህን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ሐኪም የሚያየው እግሩ ግንድ ካከለ በኋላ ነው። ምክትል ርእሰ መምህር ግን በየጧቱ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ጊዜ የልጆቹን ሁሉ እግር ያያል፤ ማየት ከፈለገ።

እኛ የምንኖርባት ቆሰበር፥ እንጅባራም የምትባለው፥ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በቡሬ አድርጎ ወደ ዳንግላና ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ብርዷንና ጉሟን ያውቃል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር ትበልጣለችና። በክረምት ዝናሙ አያባራም፤ መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈትም ጭቃው ገና አይደርቅም። ከገጠር የሚመጣ ልጅ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ፥ እግሩን ከጭቃ እየነቀለ ነው የሚደርሰው።

በዚህ አካባቢ የምናውቃቸው አንዲት ምክትል ርእሰ መምህር አሉ። ስለ ራሳቸው ሲጻፍ አይወዱምና ስማቸውን እንተወዋለን። ከመዝገቡ ሌላ አንድ ተራ ደብተር አላቸው። በዚህ ደብተር የሚጻፈው የቀረ ልጅ ስምና የቀረበት ምክንያት ብቻ ነው። ሦስት ቀን በተከታታይ የቀረ ልጅ እንደ ሆነ፥ በሰፈሩ የሚኖር ተማሪ ይላካል፤ አምስት ቀን ከሆነ ራሳቸው ይሄዳሉ። ደብተሩን ለምነን አነበብነው። አንዱ ልጅ የቀረው ለከሰል የሚሆን እንጨት ሲያሸክሙት ነው፤ ባንጃና ፋግታ ለኮማ በየጓሮው ዲከረንስ የሚባለውን የባሕር ማዶ ግራር ተክለው ከሰል እያከሰሉ የሚተዳደሩ ብዙዎች ናቸውና። አንዲቱ የቀረችው እናትዋ ወልዳ ነው። አንዱ መምህሩ በቅጽል ስም ስለሚጠራው ነው፤ ምክትልዋም ከበታቹ «መምህሩን አነጋግሬአለሁ» ብለው ጽፈዋል። ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ ያላቸው አንድ ጋቢ ብቻ ስለ ሆነ ተራ እየገቡ ይማራሉ፤ ሰኞ ታላቁ፥ ማክሰኞ ታናሹ። በመዝገቡ ላይ ሁለቱም የዓመቱን እኩሌታ ቀሪዎች ናቸው። ከሃያው ስም ውስጥ አንዱን ብቻ «ይኸስ ሰነፍ ነው» ብለውታል። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል በሚውልበት ጊዜ ግን ደብተሩን አያወጡትም። ያን ቀን ፈረስ ለማየት ያልሄደ ወንድ ልጅ ቢገኝ ነው ታሟል ብለው የሚጠይቁት።

እግሩን የታመመ አንድ ልጅ በደብተራቸው ተጽፎ ነበር። ወደ ቤቱ በሄዱ ጊዜ አባትየው፥ «እትዬ፥ ምን ብዬ ልመልስልዎ። ሰው ሲስቅበት ከሚውል ከበጎቹ ጋራ ቢውል አይሻለውም?» አላቸው። እርሳቸውም፥ «አያ፥ በግ ሰው አያደርገውም። ውኃ አምጡልኝ» አሉና በአባቱ ፊት የልጁን እግር አጠቡ። ይህን የነገሩን እርሳቸው አይደሉም፤ አባትየው ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ከጤና ጣቢያ ነርስ አስመጥተው ስለ በሽታው ለክፍሉ ልጆች ሁሉ አስነገሩ፤ የልጁን ስም ግን አላስጠሩም። ይህን ማስተዋል ይገባል። ስሙ ቢጠራ ኖሮ ልጁ በማግሥቱ ዳግመኛ ቀሪ በሆነ ነበር።

ወደ ቋንቋው ነገር እንመለስ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በየብሔረሰቡ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ በአዊም ልጆች በአገውኛ መማር ጀመሩ፤ መጻሕፍትም በፊደላችን ታተሙላቸው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በስፔን አገር በሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታት መልክተኞች ተሰብስበው፥ ትምህርት ቤት ልጅን ሁሉ እንደ ሁኔታው መቀበል አለበት ብለው ተስማምተው ነበር። እኛን ያስጨነቀን ዝምታ ዛሬ በገጠር ቀርቷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ስፍራውን ለወጠ እንጂ። አገውኛ ተናጋሪው ልጅ ከፍ ወዳለው ክፍል ሲሻገር አማርኛና እንግሊዝኛ ይጠብቁታል። በሌላ በኩል ደግሞ ከአዲስ አበባ ወይም ከደብረ ማርቆስ ተሹሞ የሚመጣ ባለ ሥልጣን ልጆቹን ይዞ ይመጣል፤ እነዚያም ልጆች በጨዋታው ሜዳ የሚነገረውን ሳይሰሙ ከዳር ይቆማሉ። ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ከውኃው ቧንቧ አጠገብ ብቻውን የሚቆመው ልጅ የናንተ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጎጃም የጀመርነውን ደግሞ እንፈጽም። በቅኔ ቤት ዐይነ ስውር ተማሪ ከሌላው ተለይቶ አይቀመጥም። ትምህርቱ በጆሮና በቃል ስለ ሆነ ከሚያየው ጋራ እኩል ይቀኛል፤ ከእነርሱም መሪጌታ ሆነው ብዙ ተማሪ ያፈሩ ነበሩ። የዘገየው ተማሪ በዕድሜው አይታፈርም፤ የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል። ይህን ስንናገር ሁሉን ለማመስገን አይደለም፤ ስለ ኩርኩሙና ስለ አለንጋው የምንናገረው ብዙ በኖረን። ነገር ግን ትምህርቱ ከጆሮ ወጥቶ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተጻፈ ወዲህ ዐይነ ስውሩ ልጅ ከደጅ ቀረ። ሉዊ ብሬል የተባለው ፈረንሳዊ በስድስት ነጥብ ያወጣው በጣት የሚነበብ ጽሕፈት ለኢትዮጵያ ፊደልም ተስማምቶ ይሠራበታል። መጻፊያው በሌለበት ትምህርት ቤት እንኳ መምህሩ በሰሌዳ የሚጽፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ቢጽፍ፥ ዐይነ ስውሩ ልጅ ይሰማል፤ ከኋላ ተቀምጦ አጥርቶ የማያየውም እንዲሁ። ጆሮው የሚመግለውን ልጅ ደግሞ ደንቆሮ ከማለት በፊት ወደ ፊት ወንበር ማምጣትና ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ያሻል። ምክትሉ መምህራኑን ይህን የመሰለውን ነገር ሊያስለምዳቸው ይችላል።

ስለ ልምጩም አንድ ቃል እንጨምር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፥ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። አካል ጉዳተኞችን ስለሚመለከተውም የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ኢትዮጵያ በአዋጅ ቍጥር 676/2002 ተቀብላለች። ሕጉ እንዲህ ሆኖ ሳለ ከወላጆች ብዙዎቹ ራሳቸው «ይገረፍልኝ» እያሉ ልጃቸውን ያስረክባሉ። የሚገረፍ ልጅ የሚደብቀውን ነገር ለገራፊው እንደማይነግር ግን ግልጽ ነው። ምክትሉ ልምጭ ከያዘ ደብተሩን የሚሞላበት አያገኝም።

አሁን ስለ ወረቀት እንናገር፤ በዚህ ነገር እኛ ራሳችን ተከሳሾች ነንና። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ብዙ ሺህ ሰዎች ተፈናቅለው ወደ ቻግኒ በመጡ ጊዜ ከእነርሱ ጋራ ልጆቻቸው ነበሩ። ቤቱ የተቃጠለበት ልጅ ካርድ ይዞ አይመጣም። ከዚያም ወዲህ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ጀምሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ እጅግ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ተለይተዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ደርሶ «መልቀቂያህን አምጣ» ሲባል ይመለሳል። እኛ ጸሓፊዎች ወረቀት የሌለውን ነገር እንደ ሌለ የመቍጠር ልማድ አለን። በአንድ ወቅት አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ማስረጃ እንድንጽፍላቸው ቢለምኑን፥ የልደት ምስክር ወረቀት ያምጡ ብለን መለስናቸው፤ ዳግመኛም አልመጡ። ልጁ ዛሬ ስንተኛ ክፍል እንደ ሆነ ወይም ጨርሶ ተምሮ እንደ ሆነ አናውቅም። ቀደም ብለን የጠቀስናቸው ምክትል ግን እንዲህ ያለውን ልጅ በመጣበት ቀን ያስገቡታል። ሒሳብና ንባብ ጠይቀው በሚመጥነው ክፍል ያስቀምጡታል፤ ወረቀቱን ቀስ ብለው ይጠይቃሉ። የተኩስ ድምፅ የሰማ ልጅ በሩ ድንገት በተዘጋ ቍጥር የሚደነግጥ ስለ ሆነ፥ ከግድግዳው አጠገብ፥ በሩን ማየት ከሚችልበት ስፍራ እንዲቀመጥ ለመምህሩ ይነግሩታል። ይህን ከማን ተማሩት ብንላቸው፥ ልጁ ራሱ ያን ስፍራ መርጦ ሲቀመጥ አይተን ነው አሉን።

ስለ ሴቶች ልጆች ባጭሩ እንናገር። ልማደ አንስት የጀመራት ልጅ በየወሩ ጥቂት ቀን የምትቀረው ብዙ ጊዜ ውኃና የሚቈለፍ በር ያለው መጸዳጃ ስለሌለ ነው። መዝጊያ ለማሠራት የሚያስፈልገው ገንዘብ ለአንድ ግብዣ ከሚወጣው ያንሳል። ስለ ምሳም የአዲስ አበባ ከተማ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን በሰፊው ይመግባል፤ በቆሰበር ግን ልጅ ከቤቱ የያዘው ድንችና ቆሎ ነው፤ ያም ከተገኘ ነው።

በወረዳና በዞን ጽሕፈት ቤት የተሾማችሁ አንባቢዎቻችን፤ ምክትል ርእሰ መምህር በየወሩ ስንት ወረቀት ሞልቶ እንደሚልክላችሁ ከኛ ይልቅ ታውቃላችሁ። በዚያ ወረቀት ላይ ስንት ልጅ እንዳቋረጠ ትጠይቁታላችሁ፤ ስለ ምን እንደ ቀሩና ስንቱ እንደ ተመለሱ የሚጻፍበት ስፍራ ግን የለም። ሁለት መሥመር ብትጨምሩለት፥ ከሌላውም ወረቀት ሁለቱን ብትቀንሱለት ሰውዬው ወደ ልጆቹ ቤት የሚሄድበት ጊዜ ያገኛል። ትምህርት ቤት ለመጐብኘት ስትሄዱም ወደ ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት በዕረፍት ሰዓት ከግቢው ዳር ጥቂት ቆማችሁ እዩ።

እኛም ይህን ለመጻፍ ስናስብ ደብተሩን ለባለቤትዋ ልንመልስ ባለፈው ሳምንት በጧት ሄደን ነበር። ዝናም ያካፋ ነበር። ደወል ስለ ተደወለ ምክትልዋ ይቅርታ ጠይቀውን ወደ ሰልፉ ሄዱ፤ እኛም ከጣራው ጠለል ቆመን ተመለከትን። ባለ ጋቢዎቹ ወንድማማች የትኞቹ እንደ ሆኑ ለማወቅ ጓጉተን በዐይናችን ስንፈልግ፥ ከሰልፉ ጫፍ ሁለት ልጆች አንድ ጋቢ በሁለት ራሳቸው ላይ ጥለው ሲዘምሩ አየን። ዕለቱ ማክሰኞ ነበረ፤ ተራው የታናሹ ነው። ሁለቱም መጥተዋል።